ደህና ሞተር የሚነቅሉ ሰዎች

ሶዶ፣ ረፋድ ላይ

ዳሞታ ተራራ ገና ከጭጋጉ አልወጣም፤ መናኸሪያው ግን ከነቃ ቆይቷል። «አረካ! ቦዲቲ! ቤሌ!» ይላሉ ረዳቶቹ፣ ሦስቱንም በአንድ ትንፋሽ። እኔ የምፈልገው የመጨረሻውን ነው። ተሳፋሪ እስኪሞላ ድረስ አንዱን ቅጥቅጥ ዙሪያውን እየዞርኩ ማየት ጀመርኩ።

ቅጥቅጥ ያልተሳፈረ የአገራችን መንገደኛ ጥቂት ነው፤ ቆም ብሎ አሠራሩን ያየ ግን ከዚያም ያነሰ ይመስለኛል። ከጃፓን ሲነሳ አይሱዙ ኤንፒአር የሚባል የጭነት መኪና ነበር፦ ሻንሲ፣ ሞተር፣ ካምቢዮ፣ ጋቢና። አውቶቡስ የሆነው እዚህ አገር ነው። ጋቢናው ይቆረጣል። ቱቦላሬ እየተበየደ ግድግዳና ጣሪያ ይቆማል። ላሜራ በመዶሻ እየተመታ ያለብሱታል፤ ብየዳው በስቱኮ ይሸፈናል። ከዚያ ቀለም፣ መስታወት፣ ወንበር፣ ከላይ ፖርቶ መጋላ።

ይህኛው በግራ ጎኑ መስመሩ ቀጥ ያለ ነው። በቀኙ፣ ከበሩ ኋላ፣ ሁለት ጣት ያህል ወደ ታች ያዘነብላል። ሁለቱን ጎን ሁለት ሰዎች ተካፍለው የሠሩት ይመስላል፤ አንደኛው የበለጠ ታጋሽ። ሹፌሩ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ጋሼ፣ ሊገዙት ነው እንዴ?» አለኝ።

«ብየዳውን ነው የማየው።»

«ብየዳው ምንም አይልም። የሚያስቸግረን ፍሪሲዮኑ ነው» ብሎ ሳቀ። ከቤሌ ወደ ሶዶ መመለሻው ዳገት ነውና ነገሩ ቀልድ ብቻ እንዳልነበረ በኋላ ገባኝ።

ቁልቁለቱ

ወደ ምዕራብ በወረድን ቁጥር እንሰቱ ከየደጁ እየሳሳ፣ በቆሎና ማንጎው እየበዛ፣ የለበስኩት ሹራብ እየከበደኝ ሄደ። ቤሌ የኪንዶ ኮይሻ ወረዳ መቀመጫ ናት፤ አገሩ ከእሷ አልፎ ወደ ኦሞ ሸለቆ ይዘልቃል። እ.ኤ.አ. በ1970 በዓለም ባንክ ብድር ሥራ የጀመረው የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ሰዉ ባጭሩ ዋዱ የሚለው፣ የደጋው መሬት የጠበባቸውን ገበሬዎች ወደ ቆላ ሲያሰፍር ይህም አካባቢ አንዱ ነበር። ቆይቶ ደግሞ ግልገል ጊቤ 3 መጣ፤ ኦሞ ላይ የቆመ፣ 243 ሜትር ቁመት ያለው፣ 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ የተመረቀ ግድብ። ግንባታው በቆየባቸው ዓመታት ከባድ መኪናና የብየዳ ሙያም አብረው ወደዚህ ቆላ ሳይወርዱ አልቀሩም። ከመንገዱ ዳር የሚታየው የብየዳ ቤት ብዛት ይህን እንዳስብ አደረገኝ።

ቤሌ፣ ከሰዓት በኋላ

ጋራዡ አራት ምሰሶ፣ አንድ የቆርቆሮ ጣሪያና ዘይት የጠጣ አፈር ነው። ባለሙያው ገና ሃያዎቹ ውስጥ ያለ ወጣት ነው። ባለባጃጆቹ ግማሽ በቀልድ፣ ግማሽ በአክብሮት «ኢንጂነር» ይሉታል፤ ስሙን እንዳልጽፍ ስለነገረኝ እኔም እንደነሱ ልበለው። አንድ ባጃጅ የኋላ ወንበሯ ወጥቶ ፊቱ ቆማለች። ሞተሯ ከተሳፋሪው መቀመጫ በስተኋላ ነው፤ አንድ ፒስተን፣ ወደ 200 ሲሲ፣ ጉልበቱ ከ10 ፈረስ ብዙ የማያልፍ። ይህች ሞተር በሕግ ሦስት ሰው፣ በገበያ ቀን ግን ሰው፣ ዶሮና ማዳበሪያ ይዛ ዳገት ትወጣለች።

ባጃጅ ራሷ ተቀይራ የተሠራች ነገር ናት። ጣሊያን ከጦርነቱ እንደወጣ የፒያጆ የአውሮፕላን ፋብሪካ በቦምብ ፈርሶ፣ አውሮፕላን መሥራትም ተከልክሎ ነበር። የአውሮፕላን መሐንዲሱ ኮራዲኖ ዳስካኒዮ እ.ኤ.አ. በ1946 ቬስፓ የተባለችውን ስኩተር አወጣ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ያችው ቬስፓ ከኋላዋ ተቆርጣ ሁለት ጎማና የዕቃ ሳጥን ተገጠመላትና አፔ ተባለች። የሕንዱ ባጃጅ ኩባንያ በ1960 ገደማ ከፒያጆ ፈቃድ ገዝቶ ያመረታት የእሷን ዘር ነው። እንግዲህ ሰዎች በትርፍ ጊዜያቸው ጋራዥ ውስጥ የሚሠሩትን ፋብሪካው ቀድሞ ሠርቶታል ማለት ነው፤ ግማሽ አካል ቆርጦ ሌላ ግማሽ መቀጠል።

በዚያ ላይ ኢንጂነር የራሱን ይጨምራል፦ ከፊት የብረት ፓራውርት፣ ከመስታወቱ በላይ ጥላ፣ ከውስጥ ባለ ቀለም መብራት፣ ከወንበሩ ሥር ድምፅ ማጉያ። «ጉልበት የሚጠይቅህ ደንበኛ የለም?» አልኩት።

«የለም። ድምፅ ነው የሚጠይቁኝ። ጉልበት ቤንዚን ይበላል።»

ከዚያ እጁን በጨርቅ ጠርጎ ስልኩን አወጣ፤ የሚያሳየኝ ነገር ነበረው። ከስልኩ መስታወት ውስጥ ረጅም ኮፋኖ፣ አጭር ጭራ ያላት አረንጓዴ የጃፓን ስፖርት መኪና ብቅ አለች። አወቅኳት፤ ዳትሰን 240ዜድ። ጋራዡ አሜሪካ ነው፤ ወለሉ ያብረቀርቃል። ባለጺም ሰውዬ ሞተሯን በሰንሰለት አንጠልጥሎ ከፍ፣ ከፍ አድርጎ አወጣው። ኢንጂነር እዚያ ላይ ቪዲዮውን አቆመው።

«ቆይ ጋሼ፣ ይኼ ሞተር ምን ሆኖ ነው የወጣው?»

«ምንም አልሆነም።»

«ዘይት ይበላል?»

«አይመስለኝም። ሲጀምር ሲነሳ አላየህም?»

«ታዲያ?»

«ባለቤቱ የበለጠ ጉልበት ፈልጎ ነው።»

ዝም ብሎ አየኝ። ከዚያ የጠየቀኝን ጥያቄ ማስታወሻዬ ላይ ቃል በቃል አስፍሬዋለሁ። «የወጣውንስ ለማን ሰጠው?»

የድሮ ተጓዦች ከሩቅ አገር ሲመለሱ አንድ ዓይና ሕዝብ አየን፣ ወርቅ የሚቆፍሩ ጉንዳኖች አየን እያሉ ይጽፉ ነበር። ከቤሌ ጋራዥ ሆኖ ሲታይ የዘመናችን ድንቅ ይህ ነው። ጠዋት ያለ ችግር የሚነሳ ሞተር በገዛ እጃቸው ነቅለው ጥግ የሚያቆሙ ሰዎች አሉ። ወላይታም ሆነ አዲስ አበባ ሞተር የሚወርደው ሲሞት ነው፤ ሞቶም ቢሆን መጀመሪያ ቴስታታው ይላጫል፣ ፒስተኑ ይለወጣል፣ ኮሎዶካው ይሞረዳል።

ቪዲዮውን አስቀጠልነው። የወጣው የዳትሰን ሞተር በመስመር የተደረደሩ ስድስት ሲሊንደሮች፣ 2.4 ሊትር፣ 150 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው። መኪናዋ ከአንድ ቶን ብዙም ስለማትበልጥ ለዘመኗ ፈጣን ነበረች። የሚገባው የሼቭሮሌት ቪ8 ነው፤ ኤልኤስ1 የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ከኮርቬት ጋር የወጣው፣ ብሎኩ አሉሚኒየም የሆነ፣ 5.7 ሊትር፣ 345 የፈረስ ጉልበት። ለምን ሁሉም ይህን ይመርጣል? ካምሻፍቱ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ብሎኩ ውስጥ ነው ያለው፤ ቫልቮቹን በረጃጅም ዘንጎች እየገፋ ይከፍታል። ስለዚህ የሞተሩ አናት ትንሽ ነው፤ ለሌላ መኪና በተሠራ ጠባብ ቦታም ይገባል። በዚያ ላይ አሜሪካ ውስጥ ከተጋጩ መኪኖች ላይ በቀላሉ ይገኛል።

እኔ ይህን ሳስረዳ ኢንጂነር አእምሮው ሌላ ቦታ ነበር። «ካምቢዮውስ?» አለ። የድሮው አይችለውም፣ አዲሱ ሞተር የራሱን ይዞ ይገባል። «ትራስሚሽኑስ?» ርዝመቱ ስለማይገጥም በልክ ይሠራል። «ዲፈረንሻሉ?» እሱም ይጠብባል፤ ከኋላ ከወጣችው 280ዜድ የሚገኘው ትልቁ ይገባል። «ራዲያተሩ? ፍሬኑ?» ሁለቱም ይቀየራሉ። ጥያቄዎቹ የመጡት ዕቃዎቹ በሚሰበሩበት ቅደም ተከተል ነው። ስለዚህ ሥራ የሚጽፉ ብዙ ሰዎች ስለ ሞተሩ ገጽ ሙሉ ጽፈው ፍሬኑን በአንድ መስመር ያልፉታል።

«ሻንሲውስ ይችለዋል?» አለ በመጨረሻ።

ሻንሲ የላትም አልኩት። 240ዜድ አካሏና ወለሏ አንድ ላይ ተበይደው ነው ክብደት የሚሸከሙት፤ ሁለት እጥፍ ጉልበት ሲገባባት አካሏ ይጠማዘዛል። ስለዚህ ደህና ባለሙያ ሞተሩን ከመግጠሙ በፊት ከሥር ብረት እየጨመረ ይበይዳል። ኢንጂነር ራሱን ነቀነቀ። እዚህ ላይ ጠዋት ያየሁት ቅጥቅጥ ትዝ አለኝ። አይሱዙ መሰላል የመሰለ ሻንሲ ስላለው ነው ላዩ ላይ ያለው ሁሉ ወርዶ ሌላ ሊቆምበት የቻለው። ቮልስም ወለሏ ከአካሏ በብሎን ስለሚለይ ነው ብሩስ ማየርስ የተባለ የካሊፎርኒያ ሰው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አካሏን አውልቆ፣ ወለሏን አሳጥሮ፣ በፋይበር የተሠራ ቀላል ገንዳ የጫነባት። ማየርስ ማንክስ ይሏታል፤ በአሸዋ ላይ የምትጋልብ። ቮልስ መሆኗን በድምፅዋ ካልሆነ ማንም አይለያትም።

አንድ ነገር ግን ኢንጂነር ሊያምነኝ አልፈለገም። ይህች ዝቅ ያለች፣ የከተማ ቄንጠኛ የምትመስል ዳትሰን የእኛን ሰፈር ጭቃ ታውቀዋለች። የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊን እ.ኤ.አ. በ1971 በኤድጋር ኸርማን፣ በ1973 ደግሞ በሼካር ሜታ መሪነት ያሸነፈችው እሷ ናት። ከእሷ በፊት በ1962 ቮልስ፣ በ1963 ደግሞ ፔጆ 404 አሸንፈዋል። 404 ከዚያ በኋላም ከ1966 እስከ 1968 ሦስት ጊዜ በተከታታይ ወስዳዋለች። ሐረር ውስጥ ሰው የሚያመላልሱት አሮጌ ፔጆዎች የዚያች ሻምፒዮን ወንድሞች ናቸው።

«በዚች ከፍታ ጭቃ?» አለ፣ ጣቱን ከዳትሰኗ ሆድ ሥር እያስገባ።

ለጭቃ ተዘጋጅታ ነው አልኩት። አሁን ገንዘብ አፍስሰው ወደ መሬት የሚያወርዷት መኪና ስሟን ያገኘችው በድንጋይና በጭቃ ላይ ነው። ይህን ስነግራቸው ደስ የማይላቸው የዜድ አፍቃሪዎች አሉ።

ቤሌ፣ ማታ

ጥሬ ሥጋ በዳጣ በልቼ፣ ላብና በርበሬ አንድ ላይ ሆነውብኝ፣ በረንዳ ላይ ተቀምጬ እጽፋለሁ። ቀኑን ሙሉ ሳሰላስለው የቆየሁት የሞተሩን ሳይሆን የአካሉን ጉዳይ ነው። ሞተር መቀየርን ይቅር እላለሁ፤ በላሜራና በፋይበር የሚሠራው ማስዋብ ግን ይከነክነኛል።

ልዩነቱን ለማየት ግን ከሞተር ልነሳ፤ ከሞተር ቅየራ ሁሉ የገነነው ታሪክ የኮብራ ነው። ካሮል ሼልቢ የቴክሳስ ሰው ነው፤ ዶሮ አርብቶ ከስሯል፣ እ.ኤ.አ. በ1959 በለማን እሽቅድምድም አስተን ማርቲን ነድቶ አሸንፏል፣ ከዚያ ልቡ ታሞ እሽቅድምድም አቁሟል። እንግሊዝ አገር ኤሲ የሚባል ትንሽ ኩባንያ ኤስ የምትባል ቀላል መኪና ይሠራ ነበር፤ ሞተር አቅራቢው ማምረት ሲያቆም ችግር ላይ ወደቀ። ሼልቢ መኪናዋን ከእነሱ፣ አዲስ ቪ8 ሞተር ከፎርድ ለመነና በ1962 መጀመሪያ ካሊፎርኒያ ውስጥ አገጣጠማቸው፤ ኮብራም ተባለች። እሱ በኪሱ መኪናም ሞተርም አልነበረውም። ሁለቱን ያገናኘው በአንደበቱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ነገር ግን ኮብራ ላይዋ ክፍት ሆና ነፋስ ስለምትገፋ በረጃጅም ቀጥታዎች ፌራሪ ያመልጣት ነበር። በዚያን ጊዜ ፒት ብሮክ የተባለ ወጣት ያንኑ ሻንሲና ሞተር ይዞ ላዩ ላይ የተዘጋ፣ ጭራው በድንገት የተቆረጠ አዲስ አካል ሠራ። ዴይቶና ኩፔ ተባለች። ሞተሩ ሳይነካ ፍጥነቷ በብዙ ጨመረ፤ በ1965 የዓለም የጂቲ ሻምፒዮና ለሼልቢ መጣ። ለእኔ ይህ ማስዋብ አይደለም። ላሜራው ሥራ አለው፤ ነፋስ ይከፍላል።

ዳትሰን ራሱም እ.ኤ.አ. በ1971 ለጃፓን ገበያ 240ዜድጂ የምትባል አውጥቷል፤ አፍንጫዋ በፋይበር የረዘመ፣ ጎማዋ ላይ ሰፊ ፓራፋንጎ የተቀጠለባት። ፋብሪካው ያን ያደረገው ለውድድር ፈቃድ ነው። ዛሬ ያንን አፍንጫ ገዝቶ የሚገጥም ሰው «መኪናዋን አበላሸህ» ሲባል ጥሩ መልስ አለው። ለጃፓኑ ናካይ አኪራ ግን መልስ የሚሰጥ አላገኘሁም፤ የፖርሽን ጎን በእጁ ይቆርጥና እስከ ክንድ የሚሰፋ ፓራፋንጎ ይለጥፍበታል። የተቆረጠው ላሜራ አይመለስም። ባለቤቶቹ ከየአገሩ ተሰልፈው ይጠብቁታል። እጁን አደንቃለሁ፤ መኪናዬን ግን አልሰጠውም።

በየገበያው የሚሸጠው ደግሞ ይብሳል፦ ከኋላው የተደፈነ የአየር ማስገቢያ፣ ምንም የማይጭን ክንፍ፣ ከማርሚታው ጋር የማይገናኝ የጭስ ቧንቧ አፍ። ይህ ሁሉ ያላደረገውን አደረግሁ ማለት ነው።

በዚህ ሚዛን ቢመዘን ቅጥቅጥ የሚያፍርበት የለም። በአንድ አካል የጭነት መኪናን የሕዝብ ማመላለሻ አድርጓል፤ እያንዳንዱ ላሜራ ሰው ይሸከማል። ግን አድናቆቴ ድንበር አለው። ጎኑን የያዘው ቱቦላሬ ሲገለበጥ ይችል እንደሆነ የፈተነ መሐንዲስ የለም። ፖርቶ መጋላው ላይ ሲጫን ክብደቱ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሻንሲው የተነደፈው ደግሞ ጭነት ዝቅ ብሎ እንዲቀመጥበት ነው። መዶሻ የሚመታውን ሰው አከብረዋለሁ። በሌሊት ግን አልሳፈርበትም።

በማግስቱ

ከመሄዴ በፊት ጋራዡ ጋ ተመለስኩ። ኢንጂነር አዲስ አበባ ውስጥ እንደዚያ አሜሪካዊ የሚሠራ ሰው እንዳለ ጠየቀኝ።

አሉ፤ ግን በሌላ መልክ። አዲስ አበባ ቮልስ ወዳድ ከተማ ናት፤ በጃንሆይ ዘመን የገቡት ዛሬም ይሄዳሉ፤ አንዳንዶቹ ከፋብሪካ ከወጡበት ቀን የበለጠ ያምራሉ። የወጣቱ ልብ ደግሞ ኮሮላ ዲኤክስ ላይ ነው፤ ወደ መሬት ዝቅ አድርጎ፣ ሰፊ ቸርኬ ገጥሞ፣ ከመኪናዋ ዋጋ የማይተናነስ ድምፅ ማጉያ ጭኖ። ዕቃው ከመርካቶ ሶማሌ ተራ ይገኛል። እዚያ አንድ መኪና ሙሉ ሆኖ ገብቶ በብሎን ተፈትቶ ይወጣል፤ ሞተሩ ወዲህ፣ በሩ ወዲያ፣ ፍሬቻው ሌላ ሱቅ።

ሞተር ለመቀየር ግን ገንዘብና ቁልፍ ብቻ አይበቃም። ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥርና የሻንሲ ቁጥር ተጽፏል። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681 ከመጣ ወዲህ ደግሞ የመኪናን ዋና አካል ያለ ፈቃድ መለወጥ ዋዛ አይደለም። የሞተሩ ዲክላራሲዮን ከሌለህ ቦሎ ስታድስ መርማሪው ኮፋኖውን ከፍቶ ቁጥሩን ሲያነብ ጉድህ ይወጣል። አሜሪካዊው ባለጺም የሚጨነቀው ፈረስ ለመጨመር ነው፤ የእኛ ሰው ከሁሉም በፊት ቁጥር ማስገጠም አለበት።

ዘመኑም አሮጌ መኪና ለሚያድሱ ሰዎች ምቹ ነው፤ በግድ ቢሆንም። በ2012 ዓ.ም. የጸደቀው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያረጀ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደው። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ መንግሥት በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር መኪና እንዳይገባ መወሰኑ ተነገረ። እንግዲህ በእጅ ያለው ቤንዚንና ናፍጣ ጠጪ ሁሉ እየታደሰ የሚኖር ነው።

«ኤሌክትሪኩን አሮጌው ላይ መግጠም አይቻልም?» አለ ኢንጂነር።

ተችሏል። ፎልክስቫገን ራሱ እ.ኤ.አ. በ2019 ፍራንክፈርት ላይ ሞተሯ በኤሌክትሪክ የተተካ አሮጌ ቮልስ አሳይቷል፤ 82 የፈረስ ጉልበት፣ 36.8 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ፣ በአንድ ሙሌት 200 ኪሎ ሜትር ገደማ። ማርሹ አንድ ብቻ ነው። ፍሪሲዮን የለውም፣ ማርሚታም አይፈልግም። ትናንት በተርታ የጠየቀኝ ችግር ግማሹ በአንዴ ጠፋ፤ በምትኩ የባትሪ ክብደትና ዋጋ መጣ። መኪናዋ 1,280 ኪሎ ደርሳለች፤ ለቮልስ ብዙ ነው።

መብራቱ ከየት ይመጣል ብሎ አልጠየቀኝም፤ ጥያቄው ለቤሌ ሰው አይሆንም። ግልገል ጊቤ 3 ያለው በዚያው አካባቢ ነው። ከወላይታ ሶዶ ጣቢያ የሚነሳው ባለ 500 ኪሎ ቮልት መስመር 1,045 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ኬንያ ሱስዋ ይደርሳል፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የእኛን መብራት ወደዚያው የሳፋሪ አገር ይወስዳል።

ኢንጂነር ወንበሯ የወጣውን ባጃጅ ጎንበስ ብሎ በስንዝር ለካ፤ ሞተሩ የተቀመጠበትን ቦታ ወደ ጎን፣ ከዚያ ወደ ኋላ። «ባትሪው እዚህ ይገባል» አለ። ትንሽ አሰበ። «ግን ጋሼ፣ ሊብሬው ላይ ሲሲ የሚለው ቦታ ምን ተብሎ ይሞላል?»

«ዜሮ ይበሉታ!» አለ አንዱ ባለባጃጅ ከበስተኋላ።

«ዜሮ ካሉትማ ግብሩም ዜሮ ይሁን» አለ ኢንጂነር፤ የጋራዡ ሰው ሁሉ ስለ ግብር መጨቃጨቅ ጀመረ።